በእጅ የያዙት ወርቅ
ስለ «ኧረ መላ መላ» ሸክላና ስለ ሦስቱ አቀባበሎቹ

ሒስ ማለት ነቀፌታ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ስለዚህም አንድ ሰው ስለ አንድ መጽሐፍ ወይም ስለ አንድ ዘፈን ሊጽፍ ብዕሩን ያነሣ እንደ ሆነ፤ ደራሲውን የሚጠላ ወይም የሚቀናበት ነው ተብሎ ይታማል። ዳሩ ግን የሒስ ሥራ መመዘን ነው። ሚዛን የያዘ ነጋዴ የሚመዝነውን ቡና አይሳደብም፤ አያቆላምጠውምም፤ ክብደቱን ይናገራል እንጂ። እኛም ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንመዝን ያሰብነው አንድ የዘፈን ሸክላ ነው፤ ሸክላውንም ብቻ ሳይሆን፤ ሸክላውን የተቀበሉትን ሰዎች ፍርድ ጭምር ነው።

ይህ ሸክላ ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋራ ሆኖ በ1967 ዓ.ም. ገደማ ያወጣው «ኧረ መላ መላ» ነው። «ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ሸክላ ዛሬ ማንሣት ምን ይጠቅማል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን ይህ ነው፤ «ኧረ መላ መላ» አንድ ጊዜ ብቻ የወጣ ሥራ አይደለም። በመጀመሪያ የአዲስ አበባ ሰው ተቀበለው፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ የአውሮፓ ሰው ተቀበለው፤ በሦስተኛም ደረጃ በወልቂጤና በቡታጅራ የሚኖረው የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ እየተቀበለውና እየተከራከረበት ይገኛል። የሦስቱም ፍርድ አንድ አይደለም። ፍርዶቹን አጠገብ ላጠገብ ያስቀመጠ ሰው፤ ስለ ዘፋኙ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱም ጆሮ ጥቂት ነገር ሊማር ይችላል።

አስቀድመን የሥራውን አወጣጥ በአጭሩ እንግለጽ። ማሕሙድ አሕመድ በ1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ በመርካቶ አካባቢ ከጉራጌ ቤተ ሰብ ተወለደ። ከጉራጌ አገር ወደ ከተማ የወጡ የብዙዎች ልጆች እንደ ሆኑት ሁሉ፤ እርሱም በልጅነቱ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ጠርጓል። ቆይቶም በአሪዞና ክለብ ልዩ ልዩ የእጅ ሥራ እየሠራ ሳለ፤ ወደዚያ ይመጡ የነበሩት የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ድምፁን ለመስማት በቁ። ከዚያም በኋላ በዚያው ኦርኬስትራ ውስጥ ገብቶ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ አገለገለ። ስለዚህ «ኧረ መላ መላ»ን የዘፈነው ማሕሙድ ጀማሪ አልነበረም፤ በወታደር ቤት ሥርዓት ከዐሥር ዓመት በላይ የተገራ ድምፅ ይዞ የመጣ ሰው ነበረ።

የሸክላም ንግድ እንዲሁ ታሪክ አለው። በኢትዮጵያ ሸክላ የማሳተሙ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ሆኖ ሳለ፤ አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. የራሱን የአምሐ ሪከርድስን አቋቁሞ ያን አጥር ጥሶ ገባ። ከእርሱም ቀጥሎ አሊ ታንጎ በሚባል ስም የታወቀው አሊ አብደላ ካይፋ ካይፋ ሪከርድስን አቋቋመ። «ኧረ መላ መላ» የወጣው በዚህ በካይፋ ስም ነው። ከዘፋኙ ጋራ የተሰለፈው አይቤክስ ባንድ ደግሞ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹን ጆቫኒ ሪኮንና የጊታር ተጫዋቹን ሰላም ሥዩምን የያዘ፤ ኋላም ሮሐ ባንድ ተብሎ የብዙ ድምፃውያንን ካሴት ያጀበ ቡድን ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው አቀባበል እንለፍ። ጊዜው ምን ጊዜ እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው የወረዱበት፤ የሰዓት እላፊ የታወጀበት፤ የሌሊቱ ጭፈራ ከዕለት ወደ ዕለት እየጠበበ የሄደበት ጊዜ ነው። ክለቦች ውስጥ ያደገ ሙዚቃ ክለቡ ሲዘጋበት ወዴት ይሄዳል? ወደ ሰው ቤት ይገባል። «ኧረ መላ መላ»ም በየቤቱ፤ በየሻይ ቤቱ፤ በየሱቁ ደጃፍ ገባ። ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ሸክላው ቀርቶ ካሴት በተተካ ጊዜ፤ ዘፈኑ ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ ከአስፋልት ወደ ኮረኮንች፤ ከኮረኮንችም ወደ በቅሎ መንገድ ተሻገረ።

የዚያ ዘመን አድማጭ ፍርዱን የሰጠው በብዕሩ አይደለም፤ በኪሱና በጭብጨባው ነው። ይህም ፍርድ የሚናቅ አይደለም፤ ከልብ የመነጨ ነውና። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛው፤ አድማጩ አንድ አንዱን ዘፈን ለብቻው ወደደ እንጂ ሸክላውን እንደ አንድ ሙሉ ሥራ አልቈጠረውም። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አንዱን ምዕራፍ ብቻ ቀዶ በኪሱ እንደማይይዝ ሁሉ፤ ሸክላም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ መልክ ይኖረዋል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው። ሁለተኛው፤ ፍቅሩ ሁሉ በዘፋኙ ላይ አረፈና የተጫዋቾቹ ድካም ተረሳ። ማሕሙድን የማያውቅ የለም፤ ከኋላው ቆሞ ያን የቤዝ ጊታር ያናገረው ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ግን ከመቶ አንድ አይገኝም። ባለ ሙያውን ሳያውቁ ሙያውን መውደድ፤ ወጥ በልቶ ወጥ ሠሪዋን አለማመስገን ነው።

ወደ ሁለተኛው አቀባበል እንምጣ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1984 የማሕሙድን ሸክላ በአገሩ ሳለ ሰማ፤ ልቡም ስለ ተነካ በሚከተለው ዓመት አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በ1986ም ክራምድ ዲስክስ የተባለው የቤልጅግ አሳታሚ ድርጅት የማሕሙድን ዘፈኖች «ኧረ መላ መላ» በሚል ስም በአውሮፓ አወጣ። ያ ጊዜ የኢትዮጵያ ስም በውጭ አገር ከረኃብ ጋራ ብቻ የሚጠራበት ጊዜ እንደ ነበረ መቼም አይዘነጋም። የጋዜጣ ሰዎች በጎ በጎውን ጻፉለት። ከዚያም ወዲህ ይኸው ፋልሴቶ በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ አማካይነት «ኢትዮፒክስ» የሚባለውን ተከታታይ ሥራ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ማውጣት ያዘ፤ ሰባተኛውም ክፍል ለ«ኧረ መላ መላ» ተሰጠ። ሌሎች ክፍሎችም ለዚሁ ለማሕሙድ ተሰጥተዋል። በመጨረሻም በፈረንጆቹ 2007 ማሕሙድ የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. ራዲዮ ሦስት የሚሰጠውን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ለአፍሪካ ክፍል አገኘ።

ስለ ፈረንጆቹ ፍርድ ስንናገር ሚዛናችን እንዳያጋድል እንጠንቀቅ። እነርሱ በትክክል ያዩትን እኛ ማመስገን ይገባናል። ሸክላውን ከዳር እስከ ዳር እንደ አንድ ሥራ ሰሙት፤ የተጫዋቾቹን ስም ፈልገው አገኙ፤ ቀኑንና አሳታሚውን መዘገቡ። የቤዝ ጊታሩ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ሳይሰለች መመላለሱን፤ ሳክስፎኑም ድምፃዊው ትንፋሽ በወሰደ ቍጥር እየገባ መመለሱን አስተዋሉ። እኛ ከልጅነት ጀምሮ ስንሰማው የኖርነውን ነገር እነርሱ እንግዳ ስለ ሆኑ አጥርተው አዩት። እንግዳ ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ የለመደውን የግድግዳ ስንጥቅ የሚያየው እርሱ ነው።

ይሁን እንጂ ያልሰሙት ነገር አለ። ቋንቋውን ስለማያውቁት የዘፋኙ ቃል ለእነርሱ ቃል አልሆነም፤ እንደ አንድ ተጨማሪ የትንፋሽ መሣሪያ ሆነ እንጂ። ከዚህም የተነሣ ብዙዎቹ ዘፈኑን ምሥጢራዊ ነው፤ ሕልም የመሰለ ነው፤ የሚያፈዝ ነው ይሉታል። ለእኛ ግን ምሥጢር የለበትም። እስቲ ርእሱን ብቻ እንመልከት። «ኧረ መላ መላ» የሚለው ማን ነው? ብቻውን ተቀምጦ የሚያልም ሰው እንዲህ አይልም። ነገር የጠበበበት ሰው፤ ወደ ጎረቤቶቹ ዞሮ፤ «እናንተ ሰዎች! ምን ይሻለኛል? ምከሩኝ» ሲል ነው እንዲህ የሚለው። ስለዚህ ይህ ዘፈን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ በዙሪያው የተቀመጡ ሰዎች እንዳሉ ያስባል። የሳክስፎኑም መልስ የእነዚያ ሰዎች መልስ ነው። ፈረንጁ አንድ ብቸኛ ሰው በጭለማ ሲያንጐራጉር ሰማ፤ እኛ ግን አንድ ሰው በሸንጎ ፊት ቆሞ ምክር ሲለምን እንሰማለን። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም፤ የዘፈኑን ትርጕም ከሥሩ ይለውጠዋል።

አሁን ወደ ሦስተኛው አቀባበል፤ ማለት ወደ አገራችን ወደ ጉራጌ እንመለስ። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። ቡታጅራ በበኩሏ በሆሳዕና መንገድ ላይ ያለች ጥንታዊ የገበያ ከተማ ስትሆን፤ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። የሁለቱም ከተሞች ሕይወት ከአዲስ አበባ ጋራ እንደ እትብት የተያያዘ ነው። ልጁ ወደ መርካቶ ይወጣል፤ ይነግዳል፤ ለመስቀል በዓል ተመልሶ ይመጣል። በ1950ዎቹም ዓመታት የጉራጌ ተወላጆች ገንዘባቸውን አዋጥተው መንገድ ሲያሠሩ፤ ያ መንገድ ለሸቀጥና ለሰው ብቻ የተሠራ አልነበረም፤ ዘፈንም ሄዶበታል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንድንናዘዝ አንባቢ ይፍቀድልን። አባታችን በወልቂጤ አንዲት አነስተኛ ሱቅ ነበረቻቸው። በሱቋ መደርደሪያ ላይ፤ ከሳሙናውና ከስኳሩ ጐን፤ የ«ኧረ መላ መላ» ካሴት ከአንድ አሮጌ ቴፕ ጋራ ይቀመጥ ነበር። ካሴቱ ብዙ ጊዜ ከመሰማቱ የተነሣ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበረ፤ እኛ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፤ «አባባ፣ ይህን ያረጀ ነገር ለምን አይጥሉትም?» እንል ነበር። እርሳቸውም፤ «ስማው እንጂ ልጄ፤ ሰውየው የሚናገረው ላንተ ነው» ይሉን ነበር። እኛ ግን አልሰማነውም፤ የምንሰማው የዚያን ጊዜ አዲስ የነበረውን ብቻ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለን ማሕሙድ በእንግሊዝ አገር መሸለሙ በራዲዮ ተነገረ። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻችን ጋራ ወደ ሱቁ ሄደን፤ ያንን ስንንቀው የኖርነውን ካሴት እንዲያሰሙን ለመንናቸው። አባታችን ካሴቱን ከፈቱልን በኋላ ቀስ ብለው እንዲህ አሉን፤ «እኔ ዐሥር ዓመት ስነግርህ አልሰማኸኝም። ፈረንጅ አንድ ቀን ቢነግርህ ግን ሮጠህ መጣህ።» የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። እርሳቸው ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ያ ንግግራቸው ግን ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ካስገደዱን ነገሮች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» የተባለው ስለ እኛ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ በሥራ ምክንያት ወደ ሁለቱም ከተሞች በተመላለስን ቍጥር ሰዎች ስለዚህ ሸክላ ምን እንደሚሉ ማድመጥ ልማዳችን ሆነ። የሰማነውን ሁሉ ብንሰበስበው በሁለት ወገን ይከፈላል።

አንደኛው ወገን የዘመድነት ወገን ነው። በቡታጅራ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፤ የስፌት መኪናቸውን ሳያቆሙ፤ «ዘፈኑ አማርኛ ነው፤ ልቡ ግን የእኛው ነው። ልጃችን አይደል እንዴ!» አሉን። ይህ ንግግር የብዙ ሰው ንግግር ነው፤ ፍቅርም አለበት። ዳሩ ግን ዘመድነት ሚዛን አይሆንም። «የእኛ ልጅ ነውና ጥሩ ነው» ያለ ሰው፤ ሳያውቀው፤ «የሌላ ልጅ ቢሆን ግን ጥሩ ላይሆን ይችል ነበር» ማለቱ ነው። ይህም ለማሕሙድ ክብር አይሆንም። እርሱ በአንድ ወገን ብቻ ተወዶ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልቆየ ነበር።

ሁለተኛው ወገን የወጣቶች ወገን ነው። በወልቂጤ ከአንድ የዩኒቨርስቲ ተማሪ ጋራ ስንነጋገር፤ «ጋሼ፣ በዚህ ሸክላ ላይ ጉራጌነቱ የቱ ጋ ነው? ቋንቋው አማርኛ፤ ጊታሩ የፈረንጅ፤ ሳክስፎኑ የፈረንጅ። ተጫዋቾቹም ከየቦታው የተሰበሰቡ ናቸው» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የድፍረት ቢመስልም የሚገባ ጥያቄ ነው፤ መልስም ይሻል።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ማሕሙድ በጉራጊኛ የዘፈናቸው ዘፈኖች አሉ፤ ፈጣኑንም የጉራጌ ጭፈራ መድረክ ላይ ሲጫወተው ያላየ የለም። እነዚያ ዘፈኖች ከመስቀል በኋላ በሶዶና በመስቃን በኩል ወጣቶች ተሰብስበው በሚጫወቱበት በአዳብና ሰሞን ቢሰሙ እግር አያስቀምጡም። «ኧረ መላ መላ» ግን እንዲህ አይደለም። ርምጃው ዝግ ያለ ነው፤ ትከሻን ያወዛውዛል እንጂ እግርን ከመሬት አያነሣም። ስለዚህ ሸክላውን «የጉራጌ ሙዚቃ ነው» ማለት ስሕተት ነው፤ በዚህ ረገድ ተማሪው እውነቱን ነው።

ይሁን እንጂ ልብስ ሰፊው ሽማግሌም ከባዶ ሜዳ አልተናገሩም። ከላይ እንደ ገለጽነው ዘፈኑ ሰው በሸንጎ ፊት ቆሞ ምክር የሚጠይቅበት ዘፈን ነው። በሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድ ነገር የከበደ እንደ ሆነ ሽማግሎች በየጆካ ሸንጎ ተቀምጠው መላ የሚፈልጉበት ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ከአገሩ ወጥቶ በመርካቶ ጫማ የሚጠርግ ልጅም ብቻውን ያለ አይደለም፤ ሲታመም፤ ሲከስር፤ ሲያገባ፤ ወደ አገሩ ልጆች ዞሮ «ምን ይሻለኛል?» ይላል። እንግዲህ የቡታጅራ ሰው በዘፈኑ ውስጥ የሰማው የጉራጌን ምት ሳይሆን የጉራጌን ኑሮ ነው። ይህ ኑሮ ግን የጉራጌ ብቻ አይደለም። ከመንዝ ወይም ከወላይታ ወደ ከተማ የወጣውም ሰው እንዲሁ ይላል። ሸክላው ከአንድ መንደር ልጅ ጕሮሮ ወጥቶ ለሁሉ መንደር የበቃው በዚህ ምክንያት ነው ብለን እናምናለን።

እስከ አሁን ምስጋናውን አበዛን፤ ጉድለቱንም ካልተናገርን ሚዛናችን አንድ እግር ያለው ሚዛን መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ጉድለት በግጥሙ በኩል ነው። በዚያ ዘመን እንደ ነበሩት አብዛኞቹ ዘፈኖች ሁሉ፤ የዚህም ሸክላ ግጥሞች ሁለት ሁለት ስንኝ እየሆኑ የተሰካኩ ናቸው። አንዱ ጥንድ በራሱ ያማረ ሲሆን፤ ከሚቀጥለው ጥንድ ጋራ ግን በሐሳብ የማይያያዝበት ጊዜ አለ። አድማጩ ከመልካም ወደ መልካም ይዘላል እንጂ አንድን ሐሳብ ይዞ እስከ ፍጻሜው አይጓዝም። የድምፃዊው ስሜት ይህን ክፍተት ይሸፍነዋል፤ መሸፈን ግን መሙላት አይደለም።

ሁለተኛው ጉድለት በቅንብሩ በኩል ነው። አንዲት ሐረግ እየደጋገሙ መመላለስ ኃይል እንዳለው ቀደም ብለን ተናግረናል። ነገር ግን ይኸው ዘዴ ከዘፈን ወደ ዘፈን በተመሳሳይ መንገድ ሲሠራበት፤ ሸክላውን በአንድ መቀመጫ የሚያዳምጥ ሰው በመካከሉ ጥቂት መድከሙ አይቀርም። ሦስተኛው ደግሞ የቀረጻው ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው መሣሪያ የተቀዳ በመሆኑ ከበሮው ከጊታሩ፤ ጊታሩ ከድምፁ ጋራ የሚተረማመስበት ቦታ አለ። አንዳንድ የውጭ ሐያስያን ይህን ሻካራነት ራሱን እንደ ውበት ቈጥረውታል። እኛ ግን ይህን አንቀበልም። ድህነትን ከሩቅ ሆኖ ማድነቅ ቀላል ነው፤ ተጫዋቾቹ የተሻለ መሣሪያ ቢያገኙ ኖሮ በደስታ በተጠቀሙበት ነበር።

እነዚህ ጉድለቶች ግን ሸክላውን ከቦታው አያወርዱትም። ድምፃዊው ከፍ ብሎ የጮኸበትን ስፍራ ትተን፤ ዝቅ ብሎ ቃሉን እያንቀጠቀጠ የሚያወጣበትን ስፍራ ብቻ ብንወስድ፤ እንዲህ ያለ የድምፅ አያያዝ በትምህርት ብቻ የሚገኝ እንዳልሆነ እንረዳለን። ሥራው ከሃምሳ ዓመት በኋላ እያከራከረ መኖሩም ራሱ ምስክር ነው።

ይህን ክርክር ወደ ዛሬው ብናመጣው ሌላ ትምህርት ይገኝበታል። በእኛ ዘመን ጃኖ ባንድ የተባለው የወጣቶች ቡድን፤ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል አሰናድቶለት «ኤርታሌ» የተሰኘውን አልበም ይዞ በወጣ ጊዜ፤ ያን የሚያገሣ የሮክ ጊታር የሰሙ ብዙ ታላላቆች፤ «ይህ ጩኸት ነው እንጂ ዘፈን አይደለም፤ የእኛም አይደለም» ሲሉ ሰምተናል። ወጣቶቹ ደግሞ በበኩላቸው አልበሙን የሚነቅፍ ሁሉ ያረጀ ነው ብለው ጆሮአቸውን ደፈኑ። ሁለቱም አልመዘኑም። ታላላቆቹ የረሱት ነገር፤ በእነርሱ ወጣትነት የማሕሙድ ጊታርና ሳክስፎን ራሱ እንግዳ እንደ ነበረ፤ ማሲንቆና ክራር ይበቃል የሚሉ አባቶችም እንደ ነበሩ ነው። ወጣቶቹ የረሱት ደግሞ፤ አዲስ መሆን ብቻውን ሥራን መልካም እንደማያደርገው ነው። የሚያገሣው ጊታር የእኛን ቅኝት ይዞ ያገሣል ወይስ ተሸክሞ ብቻ ይሄዳል? ግጥሙስ ጊታሩ ጸጥ ቢል ለብቻው ይቆማል? መጠየቅ የነበረበት ይህ ነበረ። ዛሬ እኛ ይህን ሳንጠይቅ የቀረን እንደ ሆነ፤ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ ፋልሴቶ ከሩቅ አገር መጥቶ ይጠይቅልናል፤ ልጆቻችንም ከእርሱ አፍ ሰምተው ወደ እኛ ሮጠው ይመጣሉ።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። ይህን ስንጠቅስ ባዕዳን ስለ እኛ ሥራ አይጻፉ ማለታችን አይደለም። ፋልሴቶ ያን ሁሉ ባይደክም ኖሮ ከሸክላዎቹ ብዙዎቹ በአቧራ ውስጥ ተረስተው በቀሩ ነበር፤ ስለዚህም ምስጋናችን ሙሉ ነው። ቅር የሚለን የእርሱ መጻፍ ሳይሆን የእኛ አለመጻፍ ነው። እርሱ ስሞቹንና ቀኖቹን መዝግቧል፤ የቃሉን ጣዕም፤ የአድማጩን ኑሮ፤ ዘፈኑ በየቤቱ ምን እንደ ሠራ ግን ሊመዘግበው የሚችል የአገሩ ሰው ብቻ ነው።

ለዚህም ጊዜው አጭር ነው። ማሕሙድ አሕመድ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሚሌኒየም አዳራሽ የመሰናበቻ ዝግጅቱን አቅርቦ ከመድረክ ተሰናብቷል። ሸክላውን በወጣበት ዓመት በሃያ ዓመታቸው የሰሙት ሰዎች ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በወልቂጤ ገበያ፤ በቡታጅራ መናኸሪያ፤ በየሱቁ ደጃፍ ተቀምጠው ይገኛሉ፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም። እኛም አባታችን በሕይወት ሳሉ፤ ካሴቱን ከማን እንደ ገዙት፤ መጀመሪያ የት እንደ ሰሙት፤ «የሚናገረው ላንተ ነው» ሲሉን ምን ማለታቸው እንደ ነበረ አልጠየቅናቸውም። ዛሬ መልሱን ከየትም አናገኘውም።

ስለዚህ የቋንቋ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ድርሰት ሲያዝዙ፤ «በቤታችሁ የሚወደደው አሮጌ ዘፈን የትኛው ነው? ስለ ምን ይወደዳል? ጉድለቱስ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ጨምረው እንዲጠይቁ እናሳስባለን። በየወረዳው በባህል ሥራ ላይ የተመደብን ሠራተኞችም የበዓል ቀን ብቻ ጭፈራ ማሰናዳት ሥራችን መስሎ አይታየን፤ የሽማግሎችን ቃል መመዝገብ ከዚያ የሚያንስ ተግባር አይደለም። ተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እንለምናቸዋለን። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ፤ አባታችሁ ወይም እናታችሁ የሚያዳምጡትን ዘፈን ከመዝጋታችሁ በፊት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ አድምጡት። ከዚያም በኋላ ብትነቅፉት መብታችሁ ነው፤ ሰምታችሁ ነቅፋችኋልና።